ሳትደርቅ የተቀባችው ጀልባ

አርብ ጠዋት ጀልባ ውስጥ ውሃ እየሞላሁ ነበር። አዎ፣ ጀልባ ውስጥ። ጀልባዋ ያለችው ፀዳ ከተማ፣ እኛ ግቢ ውስጥ፣ ከእናቴ የጎመን መደብና ከሽንት ቤቱ መሀል ነው። ከእኛ ቤት ተነስቶ ጣና ድረስ መሄድ ይቻላል፤ መንገዱ ክፉ አይደለም። ጣና ራሱ ግን ወደ እኛ የመምጣት ሐሳብ ኖሮት አያውቅም። ስለዚህ ጀልባዋ ታፈስ አታፈስ እንደሆነ ለማወቅ ያለኝ መንገድ አንድ ብቻ ነው ብዬ ወሰንኩ። ውሃው ከውጭ ካልመጣላት ከውስጥ ይምጣላት።

ወንድሜ ይበልጣል በማግስቱ ቅዳሜ ሊመጣ ነበር። አርብ ከሰዓት የተሳፈረበት መኪና ሊማሊሞ ላይ ተገለበጠ። ይህን ከመጀመሪያው የምነግራችሁ ነገሩ አንዳንድ ቦታ ላይ ስለሚያስቅ ነው። ከሳቃችሁ በኋላ ሰምታችሁ እንዳታፍሩ ብዬ ነው። እኔ ራሴ ስቄያለሁ። እናቴም ስቃለች። እሱ ጋ እደርሳለሁ።

መጀመሪያ ግን፣ ደገኛ ሰው ጀልባ ከየት አመጣ ትሉ ይሆናል።

ይበልጣል ከሊማሊሞ ማዶ፣ ዛሪማ ላይ ነርስ ነው። ነበር። ይህችን "ነበር" የምትል ቃል እስክለምዳት ታገሱኝ። ለጓደኛው ሰርግ ጎርጎራ ወርዶ ሳለ፣ አንድ የተዘጋ እንግዳ ማረፊያ ግቢ ውስጥ ዘበኛው አንዲት አሮጌ ባለ ሸራ የእንጨት ጀልባ በመጥረቢያ ሊፈልጣት ሲዘጋጅ ደረሰ። ለማገዶ። ሌላ ሰው ቢሆን "አይ ጊዜ" ብሎ ያልፋል። ይበልጣል አላለፈም። ነርስ ስለሆነ ይመስለኛል፤ ሊሞት የተቃረበ ነገር ሲያይ እጁ አያርፍም። በአይሱዙ አስጭኖ አመጣት። ምሰሶዋ ከጭነቱ ኋላ ወጥቶ ስለነበር አዘዞ ላይ ትራፊክ አስቆማቸው። "ምንድን ነው የጫንከው?" ቢለው ሾፌሩ "እኔንጃ ጌታዬ፣ ቤተሰቡ ያውቃል" አለ አሉ።

ቤተሰቡም አያውቅም። እኛ ቤት ዋና የሚችል ሰው የለም። እናቴ የመገጭን ድልድይ በባጃጅ ስትሻገር እንኳ ዓይኗን ጨፍና፣ የሾፌሩን ወንበር ጨብጣ፣ የምታውቃቸውን ታቦታት በሙሉ እየጠራች ነው። ይበልጣል ግን ሁሉንም ጨርሶ አስቦታል።

"ሙሽሮች እናንሸራሽርባታለን" አለኝ። "ከነሚዜዎቻቸው። አንተ ትቀዝፋለህ።"

"ዋና አልችልም እኮ።"

"ቅዘፍ እንጂ ዋኝ ማን አለህ?"

እንግዲህ እኔ አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤቴ ከየትኛውም ዩኒቨርሲቲ ጋር ሳያስማማኝ ቀርቶ ቤት የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። ሥራ የለኝም ማለት አልችልም፤ ጀልባ መጣልኝ። ይበልጣል በስልክ ያዛል፣ እኔ እሠራለሁ። አሮጌውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ፍቄ ጣቶቼ አሻራ አልባ ሆኑ። በሳንቃና በሳንቃ መሀል ያለውን ክፍተት በቃጫ ጠቀጠቅሁ። በላዩ ሬንጅ አቅልጬ አፈሰስኩበት። ሬንጁን ያቀለጥኩት በእናቴ ድስት ነው። ከዚያ ወዲህ በግቢያችን ውስጥ ውሃ እንደማያስገባ በእርግጠኝነት የምመሰክርለት ነገር እሱ ድስት ብቻ ነው።

የሰፈሩ ሰው "ካፒቴን" አለኝ። የባጃጅ ልጆች በቆርቆሮው በር አናት ብቅ እያሉ "ካፒቴን፣ ዛሬ ማዕበሉ እንዴት ነው?" ይላሉ። ለቀለም ያገኘሁት የባጃጅ ሰማያዊ መሆኑን ሲያዩማ የባሰ ሆነ። "ከአዘዞ ፒያሳ ትጭናለች?" ይሉኝ ጀመር። እኔም መጀመሪያ እናደድ ነበር፤ በኋላ ጠዋት ካልሰደቡኝ ሥራ አልጀምር አለኝ።

ወደ አርቡ ልመለስ።

ውሃ በሰፈራችን በፈረቃ ነው የሚመጣው። እናቴ ሁለት በርሜል ሙሉ አጠራቅማ ነበር። ሁለቱንም በባልዲ እየቀዳሁ ጀልባዋ ውስጥ ገለበጥኩ። ስጨርስ ስልክ ጮኸ። ይበልጣል ነበር።

"ምን እየሠራህ ነው?"

"ውሃ እየሞላሁባት።"

"ምኗ ላይ?"

"ጀልባዋ ላይ። ታፈስ እንደሆነ ልይ ብዬ።"

ከዚያ ሳቁ መጣ። ይበልጣል ሲስቅ ድምፅ የለውም፤ ትንፋሹ ብቻ ነው የሚሰማው፤ እንደሚያለቅስ ሰው። ስልኩን አጠገቡ ላለ ሰው እየሰጠ "ንገረው፣ ለሱም ንገረው" ሲለኝ ሰማሁት። ከዚያ ተመልሶ መጣና "ጎበዝ ነህ። የምሬን ነው፣ ዘዴው ጥሩ ነው" አለኝ። "ግን ስማ፣ ውሃውን ካወጣህ በኋላ ሳትደርቅ ቀለም እንዳታስነካት። እርጥብ እንጨት ቀለም አይዝም። እኔ መጥቼ አብረን እንቀባታለን።"

"እሺ።"

"እሺ አትበለኝ። አንተ እሺ ስትል ነው የምፈራህ።"

"እሺ።"

"ከሰዓት እነሳለሁ። ደባርቅ አድሬ ነገ ጠዋት እደርሳለሁ። ለእማ ንገራት።"

ሌላ ነገር አላልንም። እናቴ ከበሩ ላይ ሆና ሰምታለች፤ መንገር እንኳ አላስፈለገኝም።

ስልኩን ስዘጋ ጀልባዋ ማፍሰስ ጀምራለች። ውሃው በሳንቆቿ ስፌት በኩል ቀጥ ብሎ ወጣ፣ የጎመኑን መደብ አለፈ፣ በአጥሩ ሥር ሾልኮ ጎረቤታችን እታለም ብርቄ ግቢ ገባ። እታለም ብርቄ ደግሞ ያን ዕለት ጠዋት ለክረምት የሚሆናትን በርበሬ ሰሌን ላይ አስጥታ ነበር።

ራሷ ከአጥሩ በላይ ብቅ አለች።

"አንተ ልጅ፣ ጀልባ ውሃ ላይ ይደረጋል እንጂ ውሃ ጀልባ ላይ ይደረጋል እንዴ?"

"ሙከራ ነው እታለም።"

"ሙከራ? በርበሬዬ ዋና እየተማረልህ ነው። አንተ ሳትችል እሱ ቀደመህ።"

እናቴም መጣች። በርሜሎቹን አየች። "አንዱን ነው ሁለቱንም?" አለችኝ። ባልዲውን ከኋላዬ ደበቅሁ። "ሁለቱንም" አለች ለራሷ፣ ተመልሳም ገባች። እናቴ ስትናደድ አትጮህም፤ ሄዳ ትቀመጥና ምስር ትለቅማለች። ያን ቀን የለቀመችው ምስር ለሰርግ ይበቃ ነበር።

እስከ እኩለ ቀን የተረፈውን ውሃ ቀድቼ አወጣሁ፣ የሚያፈሱትን ቦታዎች እንደገና በቃጫና በሬንጅ ደፈንኩ፣ ጀልባዋን ገልብጬ ፀሐይ እንድትሞቅ ተውኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ የተባልኩትን በትክክል ሠራሁ ማለት ነው። ደስ ብሎኝ ምሳዬን በላሁ።

ወደ አስር ሰዓት ላይ እታለም ብርቄ በራሷ በር ዞራ መጣች። እጇ ላይ ሙሉ ጀሪካን ይዛለች። ሊሰድበኝ የመጣ ሰው ውሃ ተሸክሞ አይመጣም፤ ግራ ገባኝ።

"እንካ፣ በርሜሉ ውስጥ ገልብጠው" አለች። ፊቴን አታይም።

"በርበሬው እንዴት ሆነ?"

"ተወው በርበሬውን።" ጀልባዋን አየቻት። "ሸጋ ሆናለች" አለችና ሄደች።

ሸጋ ሆናለች። ከእታለም ብርቄ አፍ። እኔ ሞኙ ደረቴን ነፋሁ። ቀጥሎ ከባጃጅ ልጆች አንዱ በበሩ ራሱን ብቅ አደረገ፤ ስለ ማዕበሉ ይጠይቃል ብዬ መልስ አዘጋጀሁ፤ "በርታ ወንድሜ" ብሎኝ ተመለሰ። ስሜን እንኳ ረስተው ካፒቴን የሚሉኝ ልጆች ናቸው እኮ። በቃ፣ ሥራዬን ሰው አወቀልኝ አልኩ። ይበልጣል ነገ ሲመጣ ምን እንደምለው ማሰብ ጀመርኩ።

ከዚያ አያ ደስታው መጡ። አያ ደስታው የእድራችን ዳኛ ናቸው። ከዘራቸውን ይዘው ጀልባዋን አንዴ ዞሯት።

"ይህቺ ነገር በበሩ ትወጣለች?"

"ትወጣለች። ምነው አያ?"

"ግቢው ቦታ የለውም።"

በርበሬው ነው አልኩ በሆዴ፤ እታለም ብርቄ ጀሪካኑን ያመጣችው ለማዘናጋት ነው፣ ክሱን በአያ ደስታው በኩል ልካዋለች። "አያ፣ ለእታለም በርበሬውን እተካላታለሁ። ውሃው ደግሞ ነገ ፈረቃችን ነው" አልኩ።

"ድንኳን ልንተክል ነው።"

"ሰርግ አለ እንዴ?"

ሰው እንዴት እንዲህ ይደነዝዛል አትበሉ። የእድር ዳኛ መጥቶ ድንኳን ሲል ሰርግ ነው ወይ ያልኩ ሰው ነኝ። እሳቸውም አልተቆጡኝም። እጄን አንጓዬ ላይ ያዙኝና ወደ ጀልባዋ ማዶ፣ ከቤቱ ወደማንታይበት ወሰዱኝ።

"ይበልጣል ነገ ይመጣል አይደል ያላችሁ?"

"አዎ፣ ጠዋት። ደባርቅ አድሮ።"

"ይመጣል" አሉ አያ ደስታው። "እኛ ነን የምናመጣው።"

አንጓዬን አለቀቁም። ቢለቁኝ ኖሮ ምን እንደማደርግ አላውቅም። አንድ ነገር ለማለት አፌን ስከፍት አጥብቀው ጨበጡኝ።

"ስማኝ። እናትህ እስኪነጋ አትስማ። ደም ግፊት አለባት። አሁን ብንነግራት እሬሳው ሳይመጣ፣ ዘመድ ሳይሰበሰብ፣ ሌሊቱን በሙሉ ስትጮህ ልታድር ነው። ጠዋት ከንስሐ አባታችሁ ጋር መጥተን በወጉ እንነግራታለን። አንተ እስከዚያ እንደ ወትሮህ ሁን። ሰፈሩ ሁሉ አደራ ተብሏል።"

ሰፈሩ ሁሉ አውቆ ነበር ማለት ነው። ሸጋ ሆናለች ያለችኝ ለዚያ ነው።

"ምን ትመካከራላችሁ?" አለች እናቴ ከበሩ ላይ።

"ስለ ቀለሙ ነው እመቤት" አሉ አያ ደስታው። ወደ እኔ ዝቅ ብለው "ሥራህን ሥራ" አሉኝና ሄዱ።

ሰው እንደ ወትሮህ ሁን ሲባል ያን ጊዜ ነው ወትሮው የሚጠፋበት። እንዴት ነበር የምቆመው? እጄን የት ነበር የማደርገው? ስሠራ እንደማፏጭ ትዝ አለኝና አፏጨሁ።

"አርብ ቀን ምን ያስፏጭሃል?" አለች እናቴ። ተውኩት።

ስለ ቀለሙ ተብሏልና ቀለሙን ከፈትኩ። በቲነር አቀጠንኩት። ብሩሹን ነከርኩ። እንጨቷ ገና ውሃ ታንጠባጥባለች። ቀባሁ።

እናቴ የምስሩን ሰፌድ ይዛ አጠገቤ መጥታ ዱካ ላይ ተቀመጠች። ያን ቀን ብቻ። ሌላ ጊዜ የሬንጁን ሽታ ስለምትጠላ ወደ ጀልባዋ አትጠጋም።

"ይበልጣል ሳትደርቅ አትቀባት ብሎህ የለም እንዴ?"

"ደርቃለች እማ።"

"የት ደረቀች? ከሥሯ ይንጠባጠባል።"

"እሱ… ላቧ ነው።"

ሳቀች። "ነገ ሲመጣ ጉድህን አያለሁ። ዓይንህ ምን ሆነ?"

"ቲነሩ ነው።"

"አፍንጫህስ?"

"እሱም ቲነሩ ነው።"

"እንግዲያው ራቅ ብለህ ቀባ። ወንድምህ መጥቶ ዕውር ሆነህ እንዳያገኝህ።"

ራቅ ብዬ ቀባሁ። ስለ ቀለም ቅብ የማውቀውን ልንገራችሁ። እርጥብ እንጨት ላይ ቀለም ስትቀቡ አይይዝም፤ ይንሸራተታል፤ ብሩሹ ባለፈበት ተመልሶ ይገፈፋል። ስለዚህ ያንኑ ሳንቃ ደግማችሁ ትቀባላችሁ። ደግማችሁ ደጋግማችሁ። ሥራው አያልቅም። ያን ቀን አለማለቁን እንደ እኔ የወደደው ሰው የለም።

"ደውልለትማ" አለች እናቴ። "ደባርቅ ገባ እንደሆነ።"

"ኔትወርክ የለም።"

"ሳትሞክር? በል በኔ ስልክ ሞክር።" ከጉያዋ አወጣችና ሰጠችኝ።

የስልኳ መብራት በርቷል። ሲደወል ድምፁ ጠፍቶ ኖሮ ያመለጡ ጥሪዎች አሉ። አንዱ ኮሶዬ ካለው አጎቴ ነው፣ ከእናቴ ወንድም። ገና ይደውላል። አደራ ያልደረሰው አንድ ዘመድ ቢደውልስ? እኔ መላ አዋቂ አይደለሁም። ውሃ ጀልባ ውስጥ የሞላሁ ሰው ነኝ። ያን ጊዜ የመጣልኝን አደረግሁ። ስልኩን ቀለም ጣሳው ውስጥ ጣልኩት።

"ኧረ ወየው" አለች።

"አመለጠኝ እማ።"

በሁለት ጣቴ አወጣሁት። ሰማያዊ ሆኖ ይንጠባጠባል። እናቴ አየችው፣ እኔን አየችኝ።

"እጅህን እግዜር ይይልህ። ድስቴን ሬንጅ አደረግህ፣ ውሃዬን ደፋህ፣ አሁን ደግሞ ስልኬን ቀባህ። ቀጥሎ እኔን ነው የምትቀባው።" ተቆጥታ ልትጨርስ ነበር፤ መሀል ላይ ሳቋ አመለጣት። "ይህን ለይበልጣል እኔ ነኝ የምነግረው። አንተ እንዳትቀድመኝ።"

"አልቀድምሽም" አልኩ።

ጀንበር ልትጠልቅ ስትል የባጃጅ ልጆችና ሌሎች የሰፈር ሰዎች ሳልጠራቸው መጡ። ጀልባዋን ሊያወጡ። ማንም አልቀለደም። እናቴ ተነስታ አየቻቸው።

"ዛሬ ምን ነካችሁ? ትናንት ስትስቁበት አልነበር?"

"ደጅ ነፋስ ስላለ ቶሎ ትደርቃለች ብለን ነው እማማ" አለ አንዱ።

"የተባረካችሁ። እኔ መቼም ጀልባ ትሆናለች አላልኩም ነበር። ይበልጣል ነው ያየላት። በየሰርጋችሁ እሷ ታንሸራሽራችሁ።"

ሁሉም አቀረቀሩ። "አሜን" ማለት ነበረባቸው፤ አንዱ ብቻ በጉሮሮው አለ። በትከሻቸው አነሷት፣ እኔም ከፊት ገባሁ። ስንወጣ ግን መንገዳችን ጠባብ ነው፤ ጎኗን ሳይዙ ማዞር አልተቻለም። አዞርናት ብለን ስናወርዳት ከበሩ ፊት ለፊት ተጋድማ ቀረች፣ በእሷና በቆርቆሮው መሀል አንድ ሰው በጎኑ የሚያልፍበት ቦታ ብቻ ትታ። እጃችን ሁሉ ሰማያዊ ነበር። ማንም እንደገና እናንሳት አላለም።

ያችን ማታ አልተርክላችሁም። ምስር ወጥ በላን። እናቴ ጎበዝ ናት፣ ብዙ አወራች።

ጠዋት፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ እናቴ ጸሎቷን አድርሳ ግቢውን ልትጠርግ መጥረጊያ ይዛ ወጣች። እኔም ተከትዬ ወጣሁ። በዚያው ቅጽበት የቆርቆሮው በር ተንቋቋ።

መጀመሪያ የገቡት የንስሐ አባታችን ናቸው። አባ ትንሽ ወፈር ይላሉ። በዚያች ቀዳዳ በጎናቸው ሲገቡ ሆዳቸው ጀልባዋን ጠርጎ ነው የመጣው፤ ነጭ ጋቢያቸው ከደረት እስከ ጉልበት የባጃጅ ቀለም ሆኗል። እሱን ሲያዩ ሊያራግፉት በእጃቸው መቱት፤ እጃቸውም እንደዚያው ሆነ። ከኋላቸው አያ ደስታው፣ እንዳይነኩ ከዘራቸውን ወደ ላይ አንስተው፤ ቆባቸው ነካ። ከዚያ እታለም ብርቄ፣ አንድ ጉንጯ ሰማያዊ። በወግ የመጡ ሰዎች ናቸው፤ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው፣ ድምፃቸውን አጥፍተው በሰልፍ ቆሙ።

እናቴ አየቻቸው። መጥረጊያውን ጣለች። አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ። "አባቴ ይፍቱኝ" ትላለች፣ "ይፍቱኝ፣ ምን አደረጋችሁ ይህ ልጅ?" ትላለች፣ እንደገና ትስቃለች። የእናቴ ሳቅ ድምፅ አለው። እኔም ሳቄ መጣ። እውነቴን ነው። አባን አይቼ ሳቅሁ። እሷ እየሳቀች እስካለች ድረስ ገና አልሰማችም፤ ምነው ጋቢያቸው ጀርባውም በተቀባ፣ ምነው ገና የሚገባ ሰው በኖረ አልኩ።

ነበረ። አጎቴ ገባ። ከኮሶዬ፣ ብርድ ላይ ሌሊቱን የመጣ ሰው። እጁም ልብሱም ቀለም ነው። እናቴ ወንድሟን አየች። ሳቋ ወዲያው አልቆመም፤ ትንሽ ሄደና ቆመ። አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ ከኋላቸው ወደ በሩ አየች፣ ሌላ የሚገባ ሰው እንዳለ።

ወጉ እንዲህ ነው፦ አባ ይጀምራሉ፣ ስለዚህ ዓለም ከንቱነት ትንሽ ይናገራሉ፣ አያ ደስታው ይቀጥላሉ፣ ስሙ መጨረሻ ላይ ይመጣል። አባ አፋቸውን ከፈቱ። "ልጄ…" አሉና ሰማያዊ እጃቸውን አዩት። ጋቢያቸው ውስጥ ሊደብቁት ፈለጉ፣ ጋቢውም ሰማያዊ ነው። አያ ደስታው ሊረዱ ፈለጉ፤ ቆባቸውን አወለቁና መልሰው አጠለቁት።

"አባ፣ እኔ ልንገራት" አልኩ።

ልጅ መርዶ አይናገርም። ማንም ግን አልከለከለኝም። አባን ሰማያዊ ጋቢያቸውን በሁለት እጄ ይዤ ገለል አደረግኋቸውና ፊቷ ቆምኩ። እስከዚያ ድረስ ይህን ዓረፍተ ነገር በአፌ ብዬው አላውቅም ነበር።

"እማ፣ ይበልጣል ትናንት ሊማሊሞ ላይ መኪና ተገልብጦ ሞተ።"

አልጮኸችም። "ትናንት?" አለች።

"ትናንት። ከሰዓት።"

ፊቴን አየችው፣ ዓይኔን፣ አፍንጫዬን፣ እንደ ሐኪም። ከዚያ መሬት ላይ ልትቀመጥ ዝቅ አለች። ትከሻዋን ይዤ አብሬያት ወረድኩ። ጩኸቱን የጀመሩት ሌሎቹ ናቸው።

የእድር ልጆች ድንኳኑን ይዘው መጡ። በዚያችው ቀዳዳ አንድ በአንድ ነው የገቡት፤ ለቀስተኛውም እንደዚያው። እየገባ ደረቱን የሚመታው ሰው ሁሉ ነጠላው ላይ መዳፉን ያትማል። ይህ እንዲህ ሆኖ ሊውል አይችልም። የቲነሩን ጣሳና ጨርቅ ይዤ ከበሩ ሥር ቆምኩና የሚገባውን ሰው እጅ መጥረግ ጀመርኩ። አባን ጠረግሁ። አያ ደስታውን ጠረግሁ። የባጃጅ ልጆችን ጠረግሁ፤ እጃቸውን እንደ ሕፃን ዘርግተው ይሰጡኝ ነበር። እታለም ብርቄ ጉንጯን ሰጠችኝ። ሽታው ዓይን ያቃጥላል፤ ማን በቲነሩ፣ ማን በይበልጣል እንደሚያለቅስ መለየት አይቻልም፤ እኔም ራሴን መለየት ትቼ ነበር።

ሰው ሲያልቅ ወደ ድንኳኑ ገባሁ። እናቴ መሀል ተቀምጣለች። በሁለቱ ትከሻዎቿ ላይ የኔ እጆች አሉ፣ ከነጣቶቻቸው፣ ሰማያዊ። አብሬያት ስወርድ የያዝኳት ጊዜ ነው። ተንበርክኬ ጨርቁን ነከርኩና ላጠፋው ስጀምር እጄን ያዘችኝ።

"ተወው" አለች።

ጣሳውን ከደንኩ። አጠገቧ ተቀመጥኩ።